ተልተሌ ላይ የምትጠፋው አውሮፕላን

ሰው የት እንደዋለ ማወቅ ድሮ ሥራ ነበር። መናኸሪያ ድረስ ትሄዳላችሁ፣ የአውቶቡሱን ረዳት ሻይ ትጋብዛላችሁ፣ የእናቱን ጤና ትጠይቃላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው እገሌ ዱብሉቅ ወርዶ ከማን ጋር ምሳ እንደበላ የሚነገራችሁ። ተለፍቶበት የተገኘ ወሬ ስለሆነ ይጣፍጥ ነበር። ዛሬ ምን ልፋት አለ? ስልክ ትከፍታላችሁ፣ ሰማዩ እንዳለ መዳፋችሁ ላይ ነው። ጻፊ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ምን ታዪኛለሽ? ያንቺኑ ጉዳይ ነው የማወራው። ደሞ ከዳር "አክስቴ አጋነነች" ብለሽ ብትጨምሪ ውርድ ከራሴ።

ይቺ የምትጽፍልኝ ሂሩት የወንድሜ ልጅ ናት። እዚሁ ነጌሌ እኔው ነኝ ያሳደግኳት። አንድ ቀን ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን አጣፍተው መጡና ዳዊት ለሚባል ልጅ ጠየቋት። ዳዊት ፓይለት ነው። ፓይለት ስላችሁ ያንን ሦስት መቶ ሰው የሚውጠውን እንዳይመስላችሁ፤ የሱ አውሮፕላን ክንፍ የተሰፋላት ባጃጅ ናት። የሰውና የከብት ክትባት ይዛ በየቆላው ከተማ ትዞራለች።

እኛም እንደ ወጉ "ጊዜ ስጡን፣ እንጠይቅ" አልን። ድሮ ሰባት ቤት ነበር የሚቆጠረው፤ አያት ቅድመ አያቱን፣ ማን ከማን እንደተጋባ፣ ማን ከማን እንደተጣላ። አሁን ማን ያንን ሁሉ ያስታውሳል? ደግነቱ ጎረቤቴ ሐጂ ኢብራሂም ስልክ ነበረው። መካ ሲሄድ ልጆቹ በየትኛው አገር ሰማይ ላይ እንዳለ እንዲያዩ አውሮፕላን የሚያሳየውን ነገር ጫኑ። እሱም ሲመለስ በራሱ ስልክ ላይ አስጫነ። ሱቁ ውስጥ ስኳርና ጨርቅ መሸጡን ትቶ የሰማይ ትራፊክ ፖሊስ ሆነ፣ እኛም ባንኮኒውን ተደግፈን አገዝነው።

ትልልቆቹን አውሮፕላኖች ስትነኳቸው ሁሉን ይናገራሉ፤ የማን እንደሆኑ፣ ከየት ተነስተው የት እንደሚወርዱ፣ ፎቶግራፋቸው ሳይቀር። የዳዊትን ስንነካት ጅራቷ ላይ የተጻፈውን ጥቂት ፊደል ብቻ አወጣች። ከየት? አይታወቅም። ወዴት? አይታወቅም። ለሚስት ጠያቂ ይሄ ደህና መልስ ነው?

ዝም ብለን ተከታተልናት። ከአዲስ አበባ ትነሳለች፣ አርባ ምንጭ ትደርሳለች፣ ወደኛ ቆላ መውረድ ስትጀምር፣ ልክ ተልተሌ አናት ላይ ድርግም! ከስልኩ ላይ ጠፋች። ከቀትር በኋላ ዳዊት ነጌሌ ላይ ፈገግ ብሎ ይታያል። "የት ቆየህ?" ስትሉት "ቀጥ ብዬ ነው የመጣሁት" ይላል። በሚቀጥለው ጊዜም ተልተሌ። ከዚያም በኋላ ተልተሌ። መጀመሪያ ሱቁ ውስጥ "እዚያ ጓደኛ ይኖረው ይሆናል" ተባለ። ሲሰነብት ጓደኛዋ ሴት ሆነች። ሲሰነብት ወለደች። እኔ ለሕፃኑ ስም ከመውጣቱ በፊት ነገሩን ማቆም አለብኝ ብዬ ተነሳሁ።

ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጡ ሐጂን ከነስልኩ አጠገቤ አስቀመጥኩት።

"ልጃችሁ ተልተሌ ምን ይሠራል?" አልኩ።

"ተልተሌ?" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ስልኩን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ገልብጠው ያዙት። "እኔ የሚታየኝ ባሕር ነው።"

ባዶ እጃቸውን ሸኘናቸው። ሽማግሌ ሁለቴ ተመልሶ ሦስተኛም ከተመለሰ አራተኛ ላይመጣ ነው። ልጁም ወደ ሌላ አገር ሊቀየር ነው ተባለ። ይቺ ደሞ እህል አልቀምስ አለች፤ ዓይኗ አብጦ በርበሬ መሰለ። አትደልዢው፣ አብጦ ነበር! "እሱ ቀጥታ መጣሁ ካለ ቀጥታ ነው የመጣው" ትለኛለች። አያችሁ? እኛ መረጃ ይዘን እሷ ልብ ይዛ ትከራከራለች።

በዚህ መሀል ጥርሴን ለመታከም አዲስ አበባ ወጣሁ። ልጁ እንዴት እንደሰማ እንጃ፣ ደወለልኝ። "እትዬ ብርቄ፣ ባዶ ወንበር አለ፣ አስፈቅጃለሁ። ይምጡና ተልተሌን አብረን እንያት።" እጅ ከፍንጅ ልይዘው አይደል? እሺ አልኩ። ከመሳፈሬ በፊት ለሐጂ ደወልኩ፤ "ዓይንህን ከስልኩ እንዳትነቅል።"

ስለበረራው ብዙ አልልም። እግዚአብሔርን በስሙ እየጠራሁ አርባ ምንጭ ደረስን፣ አለፍን፣ መሬቱ እየደረቀ እየቀላ መጣ። "ተልተሌ ያቻት" አለኝ። ቁልቁል አየሁ፤ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አቧራ፣ ግመሎች። ሕፃን ታቅፋ እጇን የምታውለበልብ ሴት የለችም። አውሮፕላኗም ሳትወርድ፣ ጎንበስ እንኳን ሳትል አለፈች።

"ታዲያ እዚህ ስትደርስ ለምንድነው የምትጠፋው?" አልኩት።

"እሷ አትጠፋም፣ እትዬ። 'እዚህ ነኝ፣ እዚህ ነኝ' እያለች በሬዲዮ ትጮኻለች። ጩኸቷን ተቀብሎ ወደ ኢንተርኔት የሚልክ መሣሪያ ግን መሬት ላይ መኖር አለበት። ትልልቆቹ ከፍ ብለው ስለሚበሩ ከሩቅም ይሰማሉ። እኛ ዝቅ ብለን ነው የምንሄደው፣ ኮረብታው ይጋርደናል። ከዚህ ወዲያ ደግሞ የሚሰማ የለም።"

ይሄን ለማስረዳት ነው እንግዲህ ሰማይ ላይ ያወጣኝ! ስንጮህ የሚሰማ እንደሌለ ለቆላ ሰው ይነገረዋል? ውሃ ብለን ጮኸናል፣ መንገድ ብለን ጮኸናል፣ መብራት ብለን ጮኸናል። ትልልቆቹ ከሩቅም ይሰማሉ፣ ትንንሾቹ ካርታው ላይ የሉም። የዚያን ቀን ነው ያቺ ባጃጅ የአገሬ ልጅ መሆኗን ያወቅኩት። ልጁንም አመንኩት።

ነጌሌ ወርጄ በቀጥታ ወደ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ግማሹ ከተማ እዚያ ነው። ሰላም አሉኝ፣ ግን ሰላምታው ረጋ ያለ ሆነብኝ።

"አካም እትዬ ብርቄ፣ ናጋ?" አለኝ ሐጂ። ዕድሜውን ሙሉ "አንቺ ብርቄ" ሲለኝ የኖረ ሰው!

"ናጋ ነው። ሰማችሁ፣ ልጁ ንጹሕ ነው።"

"ይሁን። ተልተሌ ደህና ናቸው?"

"እነማን?"

"እንግዲህ እርስዎ ያውቃሉ።"

"እኛ እኮ ተልተሌ አልወረድንም! ከላይ ነው ያለፍነው!"

ሐጂ ስልኩን ባንኮኒው ላይ በቀስታ አስቀመጠው። "ዳዊትም እንዲሁ ነበር የሚለው።"

አስረዳኋቸው። ስለ ጩኸቱ፣ ስለ ኮረብታው፣ ስለ መሣሪያው ምራቄ እስኪደርቅ አስረዳሁ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ እኔ ይቺ ልጅ ስታለቅስ እንደነቀነቅኩት ዓይነት። የባሌን ነፍስ ይማርና እኔ ባል የሞተብኝ ሴት ነኝ፤ ሳምንት ሳይሞላ ተልተሌ ላይ ሌላ አገባሁ። የግመል ነጋዴ ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ ነው አሉ።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ መነጽራቸውን አወጡ፣ በጣም በትሕትና "ስለ ተልተሌ የምንጠያየቀው ካለ፣ በሁለቱም ወገን ቢሆን..." ብለው ሲጀምሩ አላስጨረስኳቸውም።

"ምን ተልተሌ ትላላችሁ! ልጅቷን ሰጥተናል!" አልኩ። ከኋላ በኩል ይቺው እልል አለች፤ ለራሷ እልል የምትል ሙሽራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይሄንንም ጻፊው።

የኔን ባል በተመለከተ፣ ክርክሩን ትቼዋለሁ። እንደሚያወሩት ከሆነ ደህና ሰው ነው። አይሰክርም፣ ምሳ ዘገየ ብሎ አይጮህም፣ ካልሲውን በየቤቱ አይጥልም። ባለፈው ከዚያ የመጣ ነጋዴ "ሰላም ብሎሻል" ቢለኝ "ለሱም ይድረሰው" አልኩ፣ ምን ልበል? "ለሠርጉ ይመጣል ወይ?" ብለው ሲጠይቁኝ ደሞ "ከመጣ በአውሮፕላን ነው፣ ስልካችሁን ከፍታችሁ ጠብቁት" አልኳቸው።

ሐጂ ከፍቶ እየጠበቀ ነው።