አያ ዳምጤ ያልሞተበት ተኩስ

ጥይት እሳት ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ሰው እንደሚፈራው አይደለም። ጠመንጃ የሌለው ጥይት ቆሎ ነው፤ ይንጣጣል፣ ቀለሁ ይዘላል፣ እርሳሱ እዚያው አመዱ ውስጥ ቁጭ ይላል። ምን ያደርጋል፣ ይህን ያወቅሁት ቤቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ቤቱ የጎረቤቴ የአያ ዳምጤ ነበር፤ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ አጠገብ። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ያኔ ጥይት ያለው ሰው በሬ ካለው ይልቅ ይከበራል። ዳምጤም ጥይቱን በስልቻ አድርጎ ከጣራው ሥር ሰቅሎ፣ የገባውን እንግዳ ሁሉ “እስቲ ቀና በል” ይለዋል። ወንዝ ማዶ የሚኖረው ታናሽ ወንድሙ ፈንቴ ግን ደጁን ከረገጠ ዓመታት አልፈዋል። ከአባታቸው በቀረች ቁራሽ መሬት ተኳርፈው ነው። አንድ ቀን ታርሳ ለምታልቅ መሬት! መቼም በሚስትና በርስት ቀልድ የለም።

አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ከምድጃው የተነሳ ፍንጣሪ የሳር ክዳኑን ያዘው። ሚስቱም ከብቶቹም ወጡ። እኛም ውሃና እርጥብ ቅጠል ይዘን ደረስን። ጠጋ ስንል ስልቻው ጀመረ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ሁላችንም አጥር ሥር ተደፋን። የእኔ ገንቦ ራሴ ላይ ተገለበጠ፤ ከእሳቱ ይልቅ እኔ በረድሁ። ቤቱ ዓይናችን እያየ ወደመ።

በእኛ አገር ደግሞ ትልቅ ሰው ሲሞት ይተኮሳል። የማዶ ሰዎች ጭሱን ኮረብታው ከልሏቸዋል፣ ተኩሱን ግን ሰምተዋል። ይህን ሁሉ የሚተኮስለት ዳምጤ ካልሆነ ማን ነው ተባባሉ። ብዙም ሳይቆይ ለቅሶው ቁልቁል ወረደ። ፊት ፊቱን ፈንቴ ነው፤ ነጠላውን አገልድሞ ደረቱን ይደቃል።

“ወንድሜን! ምነው መሬቷን ውሰድ ሳልልህ! ውሰዳት፣ ያንተው ናት!”

ጥቀርሻ የለበሰው ዳምጤ ከመሃላችን ብድግ አለ። “እሺ፣ ወስጃለሁ” አለው።

ፈንቴ አቅፎት ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ እንባውን ጠረገና፣ “የሰጠሁት ለሟቹ ነው፤ አንተ ምን አገባህ?” አለው። አመድ ከበን ያን ቀን የሳቅነውን ሳቅ ዛሬ የት አገኘዋለሁ? በማግስቱ ፈንቴ ቀርክሃ አሸክሞ ከሁላችን ቀድሞ መጣ፤ ቤቱን በደቦ ሠራን። ወንድማማቾቹ አብረው በሉ፣ አብረው ጠጡ። መሬቷን ግን ፈንቴ አልለቀቀም።

ዳምጤ የእውነት የሞተው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። አንድም ጥይት አልተተኮሰለትም፤ አስቀድሞ ተተኩሶለት የለ? ፈንቴ ከቀብር መልስ የወንድሙን ልጆች ወደዚያች ቁራሽ መሬት ወሰዳቸውና የድንበሩን ድንጋይ በእጁ ነቅሎ ወደ ራሱ ማሳ ገፋው።

“ቃሌ ለሟች ነበር” አላቸው።