«ደህና ነን» ብለን ውሃ አጣን

በእኛ አገር ሰላምታውን ሳይጨርስ ወደ ጉዳዩ የሚገባ ሰው ወይ ቤቱ እየነደደ ነው፣ ወይ አሳዳጊ በድሎታል። ልጁ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ደህና መሆኑ ሳይጠየቅ «መጥረቢያህን አውሰኝ» ይባላል? እኔ በዚህ ሥርዓት አደግሁ፤ ጥፋቴም የሚጀምረው ከዚሁ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ መርሳ እንግሊዝኛ የማስተምርበት ትምህርት ቤት የቆቦ ተፈናቃዮች ሰፈሩበት። ተማሪ አጥቼ ስንጎራደድ ሁለት የእርዳታ ሠራተኞች አገኙኝ፤ ነርሷ ሉሲያና የውሃ ባለሙያው ራሞን። የአፍ መፍቻቸው ስፓኒሽ ነው። እንግሊዝኛ ሲናገሩ ደህና ናቸው፤ ሲጽፉ ግን ብዕራቸው እንደ ሰነፍ በቅሎ ይለግማል። ደሴ ያሉት አለቆቻቸው ደግሞ ከእንግሊዝኛ በቀር አያነቡም። ስለዚህ ደብዳቤ መጻፍ አስተምረን አሉኝ። እንግዲህ ፈረንጅን እንግሊዝኛ የማስተምረው እኔ ነኝ! ደረቴ አብጦ የግቢው በር ጠበበኝ።

የግቢው ቧንቧ ደርቆ ስለነበር የመጀመሪያው ትምህርታችን የውሃ ቦቴ እንዲላክ መጠየቅ ሆነ። ኔትወርክ ስለሌለ ደብዳቤው በመኪና ነው የሚሄደው። ራሞን «ውሃ አልቋል» ብሎ ጀመረ። ደነገጥሁ። ምን ዓይነት ብልግና ነው፣ በቅድሚያ ጤናቸውን ጠይቅ እንጂ አልሁት። ሉሲያ አያቷም እንዲሁ ይጽፉ እንደነበር ነግራኝ ደስ አላት። «እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር በጣም ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን» የሚለውን እኔው ራሴ አስጻፍኋቸው። ውሃው ሁለተኛው ገጽ ላይ ደረሰ።

በማግስቱ መልስ መጣ፤ ደህና በመሆናችሁ ደስ ብሎናል፣ ቦቴውን ወደባሰበት ልከነዋል የሚል።

ሁለተኛ ገጽ ማን ያነባል? ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ የኔ አፍ መች ዝም ብሎ። አምስት ልጆች ይዘው ከቆቦ በእግር የመጡት እትዬ ዘሀራ ነገሩን ሲሰሙ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ወላሂ መምህር፣ እኛ ደህና ከሆንን ይሄ ሁሉ ባዶ ጀሪካን የማን ነው?» አሉኝ። ሲስቁ ከንፈራቸው በጥም መሰነጣጠቁን አየሁና አፈርሁ።

ወዲያው ትምህርቴን ገለበጥሁት። ሰላምታ የሚባል ነገር እንዳላይ ብዬ አንድ መስመር አስጻፍሁ፤ «ውሃ የለም፤ ሰው ተጠምቷል፤ ቦቴ ዛሬውኑ ላኩ።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቦቴው እያጓራ ገባ። እልልታው ጎረቤት ከተማ ግራና ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። እትዬ ዘሀራ የመጀመሪያውን ጣሳ ሞልተው «አብሽር፣ ጠጣ» ብለው ለእኔ ሰጡኝ። በዚህ መሃል ሾፌሩ ከአለቆቹ የተላከ ደብዳቤ ለራሞን አቀበለው። ስለ ውሃ አንድም ቃል የለበትም። «ባለፈው ጤናችንን ብትጠይቁን ልባችን ተነክቶ ነበር» ይላል፤ «አሁን ምን ብናስቀይማችሁ ነው ሰላምታ እንኳ የነፈጋችሁን?»