የአቶ አንዳርጌ ግድግዳ

ጉደር ውስጥ የአቶ አንዳርጌን ሳሎን ያላየ የለም፤ የነካ ግን የለም። ከወይን እርሻው የወጣ አሮጌ ዕቃ ሁሉ እሳቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። እጀታው ከመያዝ ብዛት የለሰለሰ ዶማ አለ፣ ከመዳብ የተሠራ የመድኃኒት መርጫ አለ፣ የጣሊያን ጊዜ ማጭድ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ በአንድ እያወረዱ ዘይት ይቀቧቸዋል። እንግዳ እጁን ከዘረጋ «በዓይን! በዓይን ብቻ!» ይላሉ። ሥራማ ምን ሥራ አለ፤ እዚያ ቤት ከገባ ወዲህ የሠራ ዕቃ የለም።

ከሁሉም በላይ፣ መሐል ላይ የተሰቀለችው የወይን መግረዣ መቀስ ናት። የባለቤታቸው የይመኙሻል ነበረች። ይመኙሻል በልጅነቷ እርሻው ላይ ወይን ስትገርዝ ያየ ሁሉ የራሱን ሥራ ይረሳ ነበር አሉ። እዚያው እርሻ ይሠሩ የነበሩት አቶ አንዳርጌም አዩ፣ ወደዱ፣ አገቡ። «በቃ፣ ደክመሻል፤ ከእንግዲህ ፀሐይ አይንካሽ» ብለው መቀሷንም እሷንም ቤት አስገቡ። ልብሱ ምርጥ፣ ወርቁ ሙሉ። ሰው ሲመጣ ግድግዳው ሥር ካለው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ እሳቸውም መጀመሪያ መቀሷን፣ ቀጥለው እሷን ያሳያሉ። ሁሉ አማረላቸው፤ ብቻ ስሟ ሲጠራ ደስ አይላቸውም።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ቶሎሳ መጣ።

«ጋሼ፣ የአጥሬ ወይን ጫካ ሆነብኝ፤ እንቡጡም ሊፈነዳ ነው። ያቺን መቀስ ለአንድ ጠዋት ቢያውሱኝ?»

«እሷ የሌላ ሰው እጅ አታውቅም!»

«የእርስዎንስ እጅ ታውቃለች እንዴ ጋሼ?»

ከጓዳ የይመኙሻል ሳቅ ተሰማ። ያቺ ሳቅ አቶ አንዳርጌን አንጀታቸው ድረስ አቃጠለቻቸው። ለእሳቸው እንዲህ ስቃ ታውቃለች? አታውቅም! ቅናት ያዛቸው፤ እህልም አልወርድ አላቸው። በማግስቱ አናጢ ጠርተው ለመቀሷ ባለመስታወት ሳጥን አሠሩላት፣ ቆለፉባት፣ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩ። አጥሩንም በቆርቆሮ አስረዘሙት። ሰፈሩ «ለመቀስ እንዲህ የሚቀና ሰው አይተን አናውቅም» እያለ ሳቀ። ሰፈሩ የዋህ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ አቶ አንዳርጌ ከለቅሶ ሲመለሱ የቶሎሳ ወይን ተገርዞ አገኙት። ቀረብ ብለው አዩ። የዚያ እርሻ ሰው ደግሞ የገራዡን እጅ ከቁርጡ ይለያል። ከእንቡጡ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ወደ ውጭ አጋደል ብሎ፣ ልጡ ሳይነካ የተቆረጠ ነው። ይህን እጅ እንዴት ይስቱታል! እየተንደረደሩ ቤት ገቡ። ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው፤ መቀሷም እንደተቀባች አለች።

«እፎይ!» አሉ፤ እፎይታው ግን ብዙ አልቆየላቸውም።

ይመኙሻል በጓሮ በር ገባች። ክንዷ ተጫጭሯል፣ ፊቷ ፀሐይ መትቶት ቀልቷል። እንዲህ አምራ አይተዋት አያውቁም፤ ይበልጥ ያንገበገባቸውም ይኸው ነው።

«ማነው የገረዘው?»

«እኔ ነኝ። የቶሎሳ ሚስት መሰላሉን ያዘችልኝ።»

«በምን? ቁልፉ እኔ አንገት ላይ ነው!»

«በሱቅ መቀስ።»

አቶ አንዳርጌ ወንበሯ ላይ ዘጭ አሉ። አሁን ቁጣው እምቢ ብሏቸው ድምፃቸው ወደ ልቅሶ አደላ።

«ምን አጎደልኩብሽ? እስቲ ንገሪኝ! ይህን ሁሉ ዘመን አቧራ እንኳ አላስነካሁሽም!»

«እሱስ እውነት ነው፤ አላስነኩኝም» አለች ነጠላዋን እያጣፋች። «እርሻው ገራዥ ይፈልጋል፤ ሰኞ ሥራ እገባለሁ። ግድግዳው ላይ የኔን ቦታ ለሌላ ዕቃ ይስጡት።»