ባለ ስልቻውን ከኋላ የነዱት ጋሽ ያርጋል

በዚህ አገር ብቻውን ተጫውቶ ያሸነፈ ሰው የለም። ዳማ ስትጫወት ከትከሻህ በላይ አንድ አንገት ይሰገጋል። መኪና ወደ ኋላ ስታስኬድ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰው ብቅ ብሎ «ና፣ ና፣ ና» ይልሃል፤ «በቃ» የሚልህ ግን አጥሩን ከነካኸው በኋላ ነው። እነዚህን ሰዎች የሾማቸው የለም፣ ደመወዝም የላቸውም። ቢሆንም አንድም ቀን ከሥራ ቀርተው አያውቁም።

ለእኛ ለደባርቅ ልጆች ከሁሉም የላቁት ደርሰውናል። ጋሽ ያርጋል ይባላሉ። በሌሉበት «ሊቀ አጫዋቾች» እንላቸው ነበር። ማዕረጉን የሰጠ ደብር ባይኖርም ሥልጣናቸው ሙሉ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በ1994 ዓ.ም. ግድም ነው። ውቢት የምትባል ቆፍጣና ሴት መናኸሪያው አጠገብ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ከፈተች። ኮምፒውተሩ አንድ ሲሆን ሲነሣ እንደ ወፍጮ ያጓራ ነበር። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው ሲጠፋ ለእኛ ይለቀቃል። ውስጡ አንድ ጨዋታ ነበረበት፤ ስልቻ የተሸከመ ትንሽ ሰውዬ ከገደል ገደል እየዘለለ፣ ቁልፍ እየለቀመ፣ በር እየከፈተ ይሄዳል። የእንግሊዝኛ ስሙን ያነበበ አልነበረም። እኛ «ባለ ስልቻው» እንለዋለን።

ጋሽ ያርጋል ባለ በቅሎ ናቸው። የቱሪስት ጓዝ ጭነው ሰሜን ተራሮች ላይ ወዳለው ሳንቃ በር ይወጣሉ፤ ተራቸው እስኪደርስ ደግሞ ውቢት ቤት ይቆያሉ። ይቆማሉ ማለቴ ነው፤ ተቀምጠው አላየናቸውም። የተጫነ በቅሎ የሚነዳ ሰው ከኋላ ሆኖ በድምፁ ነው የሚመራው። እኛንም የነዱን በዚሁ ሙያቸው ነበር።

«ቀስ በል፤ ቁልቁለት ነው። ጭነቱ አጋድሎበታል፣ አቁመው። አሁን ረግጦ ይሞክረው፣ ካልከዳው ይለፍ።» ከሁሉ የሚወዷት ግን «አትቸኩል፣ ገደሉ የትም አይሄድብህም» የምትለዋን ነበር። ሰውዬው ገደል ከገባ «ነግሬህ ነበር» ይላሉ፤ ያልነገሩንንም ጭምር። ከተሻገረ ግን ወደ ውቢት ዞር ብለው «ተሻገርን» ይሏታል። እጃቸው ኮምፒውተሩን ነክቶት አያውቅም። አንድ ቀን ውቢት አዝናላቸው «ይቀመጡና እርስዎም ይሞክሩት እንጂ» ብትላቸው፣ «እኔ ከተቀመጥሁ ማን ይነዳል?» አሏት።

አመሉ ጨዋታ ብቻ ላይ ቢሆን ደግ ነበር። አንድ የዳባት ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር በወሰን ተካሶ አቤቱታ ሲያስጽፍ ሊቀ አጫዋቾች እንደ ልማዳቸው ከውቢት ኋላ ቆሙ። ፊደሉ በኮምፒውተሩ ማያ ላይ ሲሮጥ አላስቻላቸውም፤ «ግራውን ያዢ፣ ወደ ግራ ሳቢው» አሏት። ገበሬው ከወንበሩ ተነሣ። «ግራውማ የእሱ ነው፣ እኔ የምከሰው በቀኙ ነው» ብሎ አፈጠጠባቸው። ውቢት ሁለቱንም ውጪ አስወጥታ ነው የጨረሰችው።

ትልቁ ችሎታቸው የሚታየው ግን መብራት ሲጠፋ ነበር። የዚያ ጊዜው የደባርቅ መብራት ባለ ስልቻውን እስከ መጨረሻው በር አድርሶት አያውቅም። እዚያው በሩ ሥር እልም ይላል፤ ሲመለስ ደግሞ ጨዋታው ከሀ ነው የሚጀምረው። እኛ ግን ወደ ቤታችን አንሄድም። ጋሽ ያርጋል በጨለማው ማያ ፊት ቆመው ይቀጥሉልናል። «ይኸውላችሁ፣ ድልድዩን አለፈ። ቁልፉን አወጣ። በሩ ተከፈተ…» በሩን ከፍተው ያስገቡናል፤ ውስጡ ምን እንዳለም ይነግሩናል። ከየት እንዳወቁት የጠየቀ ልጅ አልነበረም።

ዓመታት አለፉ። በ2010 ዓ.ም. አለነ የሚባለው የዚያን ዘመን ጓደኛችን ዳባት ላይ ሊያገባ ነው ተባለና ተሰበሰብን። ዳሱ ውስጥ የድሮ ጨዋታ ተነሥቶ ባለ ስልቻው ላይ ስንደርስ ግን ሠርጉ ሊበጠበጥ ነበር። ከመጨረሻው በር በስተጀርባ ያለውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ችግሩ፣ የምናውቀው አንድ ዓይነት አይደለም። አለነ የቄስ ልጅ ነው። ቅዳሴው ባጭሩ የሚያልቅበት ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው ብሎ ከሙሽራዪቱ አጠገብ ተነሥቶ ማለ። ዛሬ ደባርቅ ነርስ የሆነችው ሐመልማል ያኔ አባቷ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ወርደው ቆይተውባት ነበር። «አባት ነው ያለው፤ ምድጃ ዳር ተቀምጦ ‹የት ቆየህ?› ይለዋል» አለች። እኔ ደግሞ የወንድሜን ሰፊ ጫማ እየጎተትሁ ያደግሁ ነኝ። በሩ ሲከፈት ከዳር እስከ ዳር አዲስ ጫማ፣ ያውም በልክ በልኩ እንደተደረደረ ከጋሽ ያርጋል አፍ ሰምቻለሁ። ማናችንም አልተሸነፍንም።

ጎንደር ስመለስ አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ጨዋታውን በፍላሽ አገኘልኝ። ምሳ ሰዓት ላይ በሬን ዘግቼ ተቀመጥሁ። ሙዚቃው ሲጀምር እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም። ከዚያ በኋላ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ሰለቸኝ። ድሮ ዓይኔን ጨፍኜ በምዘልለው ገደል ገባሁ። ማንም «ነግሬህ ነበር» አላለኝም። ዞር ብዬ ባይ ከኋላዬ ያለው የፋይል መደርደሪያ ነው። በግድ እየተንገታገትሁ የመጨረሻው በር ደረስሁና ከፈትሁት። ውስጡ ምንም የለም። ጥቁር ማያ፣ «አበቃ» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል፣ ከዚያ ባለ ስልቻው ተመልሶ የመጀመሪያው ገደል ላይ።

ተናደድሁ። ይህን ሁሉ ዘመን ተሸውደናል ማለት ነው። ላፕቶፔን ይዤ በሳምንቱ ደባርቅ ገባሁ፤ አሳቤ ሊቀ አጫዋቾችን በሰው ፊት አቁሜ በሩን መክፈት ነበር። ሐመልማልም ልትፈርድ መጣች።

ውቢት ቤት አሁን ስልክና ካርድ ይሸጣል። ጋሽ ያርጋል ጢማቸው ሸብቷል፤ ከመንገድ ዐርፈው የባለ በቅሎዎች ተራ አስያዥ ሆነዋል። ማን ከማን እንደሚቀድም የሚይዙት በቃላቸው ነው። «ያርጋል ብለዋል» ከተባለ ክርክር የለም፤ ቀኑን ሙሉ በብርድ የቆመ ሰው እንኳ ቃላቸውን አምኖ ነገ ይመጣል። ባለ ስልቻው መጣ ሲባል ባለ በቅሎዎቹ ግልብጥ ብለው ገቡ። ባለቤታቸው እትዬ ዘቢደርም ሰምተው ኖሮ ከቧንቧ ወረፋ ላይ ተነሥተው መጡ። ባዶ ጀሪካናቸውን በር ላይ አስቀምጠው «ያን የጨረስኸውን ጨዋታ ዛሬ ላየው ነው» አሉ ባላቸውን፣ ኩራት በሞላው ድምፅ።

ተቀመጥሁ። ጋሽ ያርጋል ከኋላዬ ቆሙ። «በል፣ አትቸኩል» አሉኝ፤ እኔም ያን ጊዜ ጨዋታው ምን ጎድሎት እንደነበር ገባኝ። ቢሮዬ ውስጥ የከዳኝ ገደል ሁሉ ተራ በተራ ተገዛልኝ። «አቁመው። አሁን። ተሻገርን» ይላሉ፤ ባለ በቅሎዎቹም አብረው «ተሻገርን» ይላሉ። በሕይወቴ ብዙ አስተማሪና አለቃ ነድቶኛል፤ ደስ ብሎኝ የተነዳሁት ግን በእኚህ ሰው ብቻ ነው።

የመጨረሻው በር ላይ ደረስን።

ከኋላዬ ያለው ድምፅ ጠፋ። ጋሽ ያርጋል ሲቸኩሉ፣ ሲቆጡ፣ ሲያቅራሩ ሰምቻለሁ፤ ዝም ሲሉ ግን ሰምቼ አላውቅም። በሩ ጀርባ ያለውን ነገር አያውቁትም። አለማወቃቸውን ደግሞ ያውቁታል። ለአንዱ ቤተ ክርስቲያን፣ ለአንዷ አባት፣ ለእኔ ጫማ የሰጡን ሁላችንንም አይተው ለክተው ነበር። አሁን እኔ አንዲት ቁልፍ ከነካሁ፣ ቃላቸውን አምነው ተራ በሚይዙት ሰዎች ፊት ውሸታም ይባላሉ። ከሁሉም በላይ በእትዬ ዘቢደር ፊት።

«ክፈተው እንጂ ልጄ፤ ስሰማው የኖርሁት ነው» አሉ እትዬ ዘቢደር።

«መብራት ጠፋ» አልሁ።

አምፖሉ ከራሳችን በላይ በርቷል። ላፕቶፑም የሚሠራው በባትሪ ነው። አንድ ጎልማሳ ባለ በቅሎ ቀና ብሎ አምፖሉን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። አፉን ሊከፍት ሲል ሐመልማል ቀደመችውና የላፕቶፑን ክዳን ገጠመችው። «ጠፋ እንግዲህ፤ መቼም አመሉ ነው» አለች። ውቢትም ከባንኮኒዋ ኋላ «ዛሬማ አይመጣም» ብላ አጸናችው።

ጋሽ ያርጋል እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ከባድ እጅ ነው። እኚህን ሰው እንዴት እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።

«እንግዲያስ ለማን ልንገር?» አሉ ቀስ ብለው።

«ለእትዬ ዘቢደር» አልሁ።

ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሩ ተከፈተ። ባለ ስልቻው ገባ። ምን ቢያይ ጥሩ ነው? ግቢ ነው። ቧንቧ ቆሞበታል። ቢከፍተው ውኃው ወረደ። ጠዋትም ይወርዳል፣ ማታም ይወርዳል። ወረፋ የለ፣ ጀሪካን የለ፣ የሚጋፋ ሰው የለ።»

እትዬ ዘቢደር የተዘጋውን ላፕቶፕ ትኩር ብለው አዩት። «ቧንቧው በየት በኩል ነው?»

ጋሽ ያርጋል አሰብ አደረጉ። «በማድ ቤቱ በኩል።»

«እሱስ ደግ ነው» አሉ እትዬ ዘቢደር፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ወንበር ሳቡ። «ቀጥል።»

አምፖሉን ያየው ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ተጠጋ። «ጋሽ ያርጋል፣ ለበቅሎ ማሰሪያስ ቦታ አለው?»

«ጓሮውን ገና መቼ አየነውና» አሉ ጋሽ ያርጋል፣ ለእሱም እዚያው ላይ ጋጣ እየሠሩለት።