አንድ ብር ብሎ ፎቶ!

[ጊንጪ፣ የገበያ ቀን ረፋድ። ሌታ ያቺን የመሰለች የምትታለብ ላሙን ሸጦ ካሜራ ከገዛ ገና ሳምንቱ ነው። ሚስቱ ድንቅቱም «ዛሬ ባዶ እጅህን ከገባህ አባቴ ቤት ፈልገኝ» ብላዋለች። ጓደኛው አሻግሬ አዲስ አበባ አንድ ፎቶ ቤት መጋረጃ ሲገልጥ ከርሞ የመጣ ነው፤ ስለዚህ የማያውቀው ነገር የለም። ዛሬ አምቦ ሄዶ ለእጮኛው ለሲንቄ ቀለበት ሊያስር ነው። እነ ሌታ ቤት እንዲተኮስለት የሰጠውን ኮት ሊወስድ ጎራ ብሎ፣ በሩ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ሲያይ ኮቱንም ሲንቄንም ረሳቸው።]

አሻግሬ፦ አንድ ብር? አንድ ብር ብሎ ፎቶ! ዶሮ ነው እንዴ የምትሸጠው?

ሌታ፦ ኧረ ዶሮስ ሁለት ብር ገብታለች።

አሻግሬ፦ እሱን እኮ ነው የምልህ! ሰው ከዶሮ አነሰ?

ሌታ፦ ዶሮዋ ትበላለቻ! ፎቶ ምን ይሆናል?

አሻግሬ፦ ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ! ስማኝ፤ ርካሽ ነገር ሰው አያምነውም። ጉርድ ሦስት ብር፣ ሙሉ ቁመት አምስት ብር ብለህ ጻፍ።

ሌታ፦ እግር ብቻውን ሁለት ብር?

አሻግሬ፦ የሙያው ነው እንጂ የእግሩ ማን አለህ?

ሌታ፦ አጭር ሰው ቢመጣስ?

አሻግሬ፦ እኩል ይከፍላል።

ሌታ፦ ግፍ ነው እንግዲህ። እርጉዝስ?

አሻግሬ፦ [ግንባሩን ይዞ] አንድ ሰው ናት!

ሌታ፦ እፎይ! ጎረቤታችን ጉዴ ወሯ ገብቷል፤ የሁለት ሰው ልጠይቃት ብዬ ጨንቆኝ ነበር።

አሻግሬ፦ እሺ፣ ገበሬ ዋጋ ቀንስ ሲልህ ምን ትላለህ?

ሌታ፦ ቶሌ፣ እሺ ነዋ።

አሻግሬ፦ ጠፋህ በለኛ! ዋጋህን ትጠራለህ፣ ከዚያ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ዝም። አዲስ አበባ እንደዚያ ነው።

ሌታ፦ ፊቴን ካዞርኩ በምን ላነሳው ነው?

[አሻግሬ ሊናገር አፉን ሲከፍት የአምቦ አውቶቡስ ጡሩምባ ከመንገዱ ተሰማ። ደነገጠ፤ ግን ማስተማር ጀምሮ ሳይጨርሱ መሄድ ለአዋቂ ነውር ነው።]

አሻግሬ፦ አንተን ላስተምር ብዬ ልቀር ነው! በል ቶሎ በል፣ በዚህ ዋጋህ ከጠዋት ስንት ሰው አነሳህ?

ሌታ፦ ሃያ።

አሻግሬ፦ ይኸውልህ፣ ሃያ ብር! የፊልሙን፣ የወረቀቱን ስትቀንስለት ባዶ ነህ። ላሟም ሄደች፣ ድንቅቱም ሄደች!

ሌታ፦ ሰማንያ ብር ነው የያዝኩት።

አሻግሬ፦ ሃያ ሰው በአንድ አንድ ብር እንዴት ሰማንያ ይሆናል? ድንጋይ ራስ!

ሌታ፦ ፎቶው አንድ ብር ነው። ኮቱ ሦስት።

አሻግሬ፦ የምን ኮት?

ሌታ፦ ለገበሬ ማኅበር መታወቂያ ነው የሚነሱት። በፎቶው ብር ይከራከሩኛል፤ ኮት ሲያዩ ግን «ለወጉ ነው» ብለው እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። ኦቦ ገቢሳ ሲለብሱት ብታይ፣ አውራጃ አስተዳዳሪ መሰሉ እኮ!

አሻግሬ፦ [ድምፁ እየሰለለ] ኮቱን ከየት አመጣኸው?

ሌታ፦ ያንተው ነዋ። ድንቅቱ አሳምራ ነው የተኮሰችልህ።

[አሻግሬ በመስኮት ብቅ አለ። ለቀለበቱ ተበድሮ ያሰፋው ኮት አንድ ጎልማሳ ላይ ሆኖ፣ ከሥሩ ቁምጣ፣ ኪሱ ውስጥ ደግሞ ግማሽ የተበላ በቆሎ ተሰክቶበት አየው። ጡሩምባው ደገመ።]

አሻግሬ፦ ሲንቄ እየጠበቀችኝ ነው፣ አንተ ሰው! ኮቴን! ኮቴን ስጠኝ! እሺ፣ ሦስት ብሬን ልክፈል!

ሌታ፦ ኧረ በስማም! ላንተማ በነጻ ነው፣ ለራስህ ኮት ላስከፍልህ? [በትሕትና ወደ ውጭ እያመለከተ] ብቻ ሰልፍህን ያዝ፤ ከፊትህ ገበሬ ማኅበሩ በሙሉ አለ።