ዜና መዋዕሉ ለገዛኢ፣ በፍልሰታ ከጾመኛ ዞምቢዎች ጋር ስለ ተዋጋው

በዘመነ ሉቃስ፣ ገዛኢ ባጃጁን ሸጦ የፊልም ባለቤት በሆነ በመጀመሪያው ዓመት፣ በወርኃ ነሐሴ፣ በመቀሌ ከተማ ይህ ሆነ። እርሱም የካራቴ መምህር፣ የድርሰቱ አባት፣ የዝግጅቱ አዛዥ፣ መሪ ተዋናይም የነበረ፣ አየርን በእርግጫ የሚሰነጥቅ፣ ጠላት ግን ገና ያላገኘ ጀግና ነው። ወይዘሮ ኣረጋሽ ባዶ የሲሚንቶ መጋዘናቸውን አዋሱት፤ እርሱም ቀብቶ፣ ፍርግርግ አቁሞ ወኅኒ አደረገው። ዳሩ ግን በቀረጻው ቀን ማምሻውን ሲሚንቶ ይገባ ነበርና፣ በዚያች ቀን የመጨረሻው ፍልሚያ ካልተቀረጸ ፊልሙም ባጃጁም ከንቱ ይቀሩ ነበር።

ተከተሉትም ካሜራ ያዡ በድሩ፣ ቁስል ሠሪዋ ሳሊና ከነቲማቲም ድልኋ፣ ከመቃብር ተነሥተው እስረኛ የሚበሉ ዞምቢዎችን ሊሆኑ የመጡ የሰፈር ጎረምሶችም ከአለቃቸው ከፀጉር አስተካካዩ ሓፍቶም ጋር። በድሩም ከዘመዱ ሥጋ ቤት ጥሬ ሥጋ አምጥቶ እስረኛ ሆኖ በተኛ በአንድ ጎረምሳ ሆድ ላይ ዘረጋው።

ገዛኢ ፍልሰታ መሆኑ ጠፍቶት አይደለም፣ እርሱም ይጾም ነበር፤ ሙት ጾም የለውም ብሎ ነው እንጂ። ሓፍቶም ግን ድልህ በተቀባ ፊቱ ወጥቶ በሙታን ስም ዐወጀ፦ «ያልሰማህ ስማ! ብንሞትም የተጠመቅን ነን። ሥጋ አንነካም፤ ቅዳሴ ሳይወጣም እህል አንቀምስም!»

ገዛኢም ዐወጀ፦ «ሥጋው ቀይ ስር ይሁን፤ ሰዓቱም ዘጠኝ ይሁን። ኣጆኹም፣ አይዟችሁ!» ሳሊናም ቀይ ስሩን በሽንኩርትና በዘይት ሠራችው፤ ሽታው በወኅኒው ሲዞር ሙታኑ ምራቃቸውን ዋጡ፤ የሲሚንቶው መኪናም ሳይመሽ ደርሶ ከደጅ ጡሩምባውን ይነፋ ጀመር።

የቅዳሴው መውጫ ደወል እንደ ተሰማ የፍርግርጉ በር ለሙታኑ ተከፈተ። ወእምዝ ሙታንን ሁሉ በአንድ ዝላይ እንዲጥል የተጻፈለት ገዛኢ እግሩን አነሣ፤ ሳያወርደው ረገጡት። አንድም የወደቀለት የለም፤ ሁሉም በላዩ አልፈው ቀይ ስሩን ከበቡ፤ ጀግናውም እናቱን ጠራ። በድሩ ግን ብልህ ነውና ካሜራውን አላጠፋም።

ይደገም እንዳይባል ሙታኑ ጠግበው መነሣት አቃታቸው። ገዛኢም በካሜራው የራሱን ፊት አየ፤ እንዲህ ያለ ፍርሃት ተውኖ አያውቅም። ዓመታት የለፋበት እርግጫ ግን በፊልሙ ውስጥ የለም፤ አንጀቱ አረረ። ቢሆንም ተነሥቶ ዐወጀ፦ «ሙታን አሸንፈዋል፤ ፊልሙ አልቋል፤ ሲሚንቶው ይግባ!»

ብፁዕ ነው ገዛኢ፣ አየር ሰንጣቂ፣ ወኅኒ ቀቢ! ሌሎች ድል ነሥተው ይወደሳሉ፤ እርሱ ግን ክብሩን ለፊልሙ ሰጥቶ፣ የሙታን ጫማ በደረቱ ታትሞበት፣ ቀና ብሎ ወጣ። እግዚአብሔር ዕድሜውን ያርዝምለት፣ ሌሎች ሙታን የሚያስነሣ ከሆነም ጾም በሌለበት በበዓለ ኀምሳ ያድርግለት፤ አሜን።