አውራ ጣት ያረፈበት ካሜራ

ሊቁ፦ ወደ መደርደሪያው አትይ አልኩህ።

ቀሰስ፦ ታዲያ ወዴት ልይ ጋሼ?

ሊቁ፦ ወደ ካውያው። ካውያ የሚፈልግ ሰው ምሰል።

ቀሰስ፦ ካውያ እኮ ቤት አለን።

ሊቁ፦ የተቃጠለበት ሰው ምሰላ።

ቀሰስ፦ ካውያ የተቃጠለበት ሰው ፊቱ ምን ይመስላል?

ሊቁ፦ አሁን እንዳንተ ነው። በቃ እንደሱ ቁም።

[ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ጠባብ ቤት ነው። ሰው የማይፈልገውን በነፃ እያመጣ ይተዋል፤ ባለሱቋ አቧራውን ጠርጋ በርካሽ ትሸጠዋለች። አሁን ጥግ ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች።

ቀሰስን እዚህ ያመጣው የራሱ ጥፋት ነው። ሰሞኑን እህቱ "ያረጁትን ልብሶች አድርስልኝ" ብትለው፣ አጠገቡ የነበረውንም ካርቶን ደርቦ ተሸክሞ አመጣው። ካርቶኑ ውስጥ ደግሞ አባታቸው ለእህቱ ባል በሠርጉ ቀን የሰጡት ካሜራ ነበር። አባትየው ነገ ለምሳ ይመጣሉ። በመጡ ቁጥር ገና ሳይቀመጡ "እስቲ ካሜራዬን" ይላሉ። እህቱ "ዛሬ ቁምሳጥኑ ውስጥ ካልገባ አንተም ቤቴ አትግባ" ብላዋለች፤ ባሏ እንዳይሰማም አስምላዋለች። ባልየው ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሊቁ የሚለው ሰው ነው። "አሮጌ ዕቃ ቤት" የምትለዋን ቃል ሲሰማ ጫማውን አጥልቆ ተከተለው።]

ሊቁ፦ ስማኝ። ጥሩ ዕቃ ፊት ለፊት አይገኝም። ሻጭ ያላወቀውን ነገር ከታች ይወሽቀዋል። ከድስት ኋላ ነው የሚፈለገው። [እጁን ከድስቶቹ ኋላ ሰዶ ቆዳ የለበሰ ካሜራ ያወጣል] ይኸው።

ቀሰስ፦ [ካውያውን ትቶ ዞሮ] ካሜራ ነው።

ሊቁ፦ ካሜራ መሆኑንማ ድስቱም ያውቃል። ዕድሜው ካንተ ይበልጣል። እንዲህ ያለ ዛሬ አይሠራም፤ አሮጌ ካሜራ የሚሰበስብ ሰው ቢያየው እንቅልፍ አይወስደውም።

ቀሰስ፦ እንግዛዋ።

ሊቁ፦ ቀስ። መጀመሪያ ይመረመራል። [ወደ መስኮቱ ወስዶ ሌንሱን በብርሃን ያያል] ሻጋታ የለውም። እሱም እግዜር ጠብቆት ነው እንጂ ባለቤቱስ ዕቃ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም።

ቀሰስ፦ ባለቤቱን ታውቀዋለህ እንዴ?

ሊቁ፦ ዕቃ ባለቤቱን ይናገራል። ይሄ ምንድነው? የቁስል ፕላስተር። ቆዳው ቢላቀቅበት በቁስል ፕላስተር የለጠፈ ሰው ነው። ስስታም።

ቀሰስ፦ ሙጫ አጥቶ ይሆናላ።

ሊቁ፦ [ድምፁን ከፍ አድርጎ] ስስታም ነው አልኩህ። እዚህ ጋ ደግሞ ወዝቷል፣ አየህ? አፍንጫ ነው። ዓይኑን እዚህ ሲያስጠጋ አፍንጫው እዚህ ይተኛል። ይሄን የሚያክል ወዝ የሚተው አፍንጫ ምን እንደሚያክል አስበው።

[ቀሰስ የሊቁን አፍንጫ ያያል። ወዲያው ወደ ካውያው ይዞራል።]

ቀሰስ፦ አንዳንድ ሰው ላይ ያምራል።

ሊቁ፦ እሱ ላይ አላማረም።

ባለሱቋ፦ [ከሹራቧ ቀና ሳትል] ሁለት መቶ።

ሊቁ፦ እትዬ፣ ለዚህ ሁለት መቶ? ባለቤቱ የገደለው ዕቃ ነው እኮ።

ቀሰስ፦ ኧረ ጋሼ፣ መቼ ገደለው? በለስላሳ ጨርቅ እየጠረገ ነው የሚያስቀምጠው።

ሊቁ፦ አንተ በምን አወቅህ?

ቀሰስ፦ ያው... ዕቃው ይናገራል አላልክም?

ባለሱቋ፦ በጨርቅ የተያዘ ከሆነማ ሁለት መቶ ሃምሳ ነው።

ሊቁ፦ [ቀሰስን በክርኑ ጎሸም አድርጎ] ይሄን አሻራ ደግሞ እይልኝ፣ የሌንሱ ጠርዝ ላይ። አውራ ጣት ነው። ፎቶ ባነሳ ቁጥር አውራ ጣቱን ሌንሱ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ነው። አልበሙን ብትገልጥ ሠርግ የለ፣ ልደት የለ፣ ያለው አውራ ጣት ብቻ ነው።

ቀሰስ፦ [የቤታቸው አልበም ገጽ በገጽ እየታየው] ሁሉም ላይ አይደለም። የልጆቹ ላይ ትንሽ ነው።

ሊቁ፦ የማን ልጆች?

ቀሰስ፦ የ... የማንኛውም ሰው ልጆች።

[ሊቁ ጣቱን የካሜራው ጀርባ መክፈቻ ላይ ያሳርፋል።]

ቀሰስ፦ አትክፈተው፣ ፊልም አለበት።

ሊቁ፦ እንዴት አወቅህ?

ቀሰስ፦ ከብዷላ።

ሊቁ፦ ፊልም አይከብድም።

ቀሰስ፦ እኔን ከበደኝ።

ሊቁ፦ ፊልም ካለበትማ ይኸው ሌላ ነውር። ጀምሮ የማይጨርስ ሰው ነው ማለት ነው።

ቀሰስ፦ ለትልቅ ቀን ቆጥቦት ይሆናል። አርቆ አሳቢ ሰው ነው ጋሼ። ከልብ የሚወደድ ሰው ነው።

ባለሱቋ፦ ሦስት መቶ።

ሊቁ፦ [ዓይኑን ጨፍኖ ይተነፍሳል] እትዬ፣ ለዚህ ልጅ አፍ የሚሆን ክዳን የለሽም? እሺ፣ የመጨረሻውን ልንገርህ። ይሄ ዕቃ በስጦታ የተገኘ ነው። ገዝቶት ቢሆን አይጥለውም ነበር። ሰው አክብሮ የሰጠውን የሚጥል ባለጌ ነው።

[ይህች ግን ቀሰስን አንጀቱ ድረስ ዘለቀችው። ሌላው ሁሉ ቢታገስ የእሱ ጥፋት በሰው ላይ ሲለጠፍ ዝም ብሎ መስማት አልቻለም።]

ቀሰስ፦ እሱ አልጣለውም። ሌላ ሰው ነው። አንድ ሞኝ፣ ምን እንደተሸከመ እንኳ ከፍቶ የማያይ ሞኝ፣ ከልብስ ጋር ደርቦ አምጥቶት ይሆናል።

ሊቁ፦ አሁን ገና ቁም ነገር ተናገርክ። በጣም ሞኝ ነው?

ቀሰስ፦ በጣም። እህቱ ራሷ ትናገራለች።

ባለሱቋ፦ [መርፌዋን አቁማ] እንዲህ ባለ ሰው እጅ ያለፈ ከሆነ መቶ ሃምሳ ይሁንላችሁ።

[ሊቁ ሐሳቧን ሳትቀይር ከፍሎ ይወጣል። መንገድ ላይ ቀሰስ ካሜራውን ከኮቱ ሥር አቅፎ በራሱ ብልሃት እየተደነቀ ይሄዳል። ሰውየውን የገዛ ዕቃውን አስገዛው፤ ሰውየው አላወቀም።]

ቀሰስ፦ ጋሼ፣ ቤት ስንደርስ ቁምሳጥን ውስጥ ላስቀምጠው?

ሊቁ፦ አዎ፣ የድሮ ቦታው።

ቀሰስ፦ እሺ። [ትንሽ ሄዶ ይቆማል] የትኛው የድሮ ቦታው?

ሊቁ፦ ጠዋት ክራባት ስፈልግ ቁምሳጥኑን ከፈትኩ፣ ካርቶኑ የለም። ወጥ ቤት ገባሁ፣ አንተና እህትህ ወሬያችሁን አቋረጣችሁ። አፍንጫዬ ቢገዝፍም ጆሮዬ አልደነዘዘም።

ቀሰስ፦ እያወቅህ ነው ራስህን እንደዚያ ያብጠለጠልከው?

ሊቁ፦ የራስን ዕቃ መልሶ መግዛት ካልቀረ በርካሽ ነዋ። እኔ እየተሳደብኩ ዋጋ ሳወርድ አንተ እያሞገስክ ትሰቅልብኛለህ። ቤቴ ስትኖር አንድ ቀን አመስግነኸኝ አታውቅም፤ ዛሬ ዋጋ ላይ ስንደርስ "ከልብ የሚወደድ ሰው" ሆንኩልህ።

ቀሰስ፦ አውራ ጣቱስ?

ሊቁ፦ እሱን ለዋጋ ብዬ የጨመርኩት ነው።

ቀሰስ፦ የምረቃ ፎቶዬ ላይ ግማሽ ፊቴ አውራ ጣት ነው ጋሼ።

ሊቁ፦ የብርሃን ችግር ነው።

[ባለሱቋ ሹራቧን በክንዷ እንዳንጠለጠለች ከኋላቸው ትደርሳለች።]

ባለሱቋ፦ የሌንሱን ክዳን ረስታችሁ ሄዳችሁ። ይኸውልህ ወንድሜ፣ ከገንዘብህም ግማሹ።

ሊቁ፦ ገንዘቡን ለምን?

ባለሱቋ፦ ካርቶኑን ያመጣው ይሄው ልጅ አይደል? ገና ከበሩ ሲገባ ነው የለየሁት። ተሳስቶ መጥቶ ነው ብትሉኝ እንዲሁ እሰጣችሁ ነበር።

ሊቁ፦ ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?

ባለሱቋ፦ ልናገር ስል አፍንጫው ጋ ደረስክ። [አፍንጫውን ረጋ ብላ ታየዋለች] እንዲህ ራሱን የሚያውቅ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም፤ ይጨርስ ብዬ ተውኩህ።

ሊቁ፦ ቀሪው ግማሽስ?

ባለሱቋ፦ እሱ ጆሮዬ ለደከመበት ነው።

[ትመለሳለች። ሁለቱ እዚያው እንደቆሙ ይቀራሉ።]

ሊቁ፦ ይሄን እህትህ እንዳትሰማ።

ቀሰስ፦ እሷም አንተ እንዳትሰማ አስምላኛለች።

ሊቁ፦ ጎሽ። ታዲያ ዝም ትላለህ?

ቀሰስ፦ እላለሁ። ነገ ግን አባባ "ፎቶ እንነሳ" ሲሉ የማነሳው እኔ ነኝ።

ሊቁ፦ አንተ ስለ ካሜራ ምን ታውቃለህ?

[ቀሰስ የራሱን አውራ ጣት ቀስ ብሎ ከሌንሱ አርቆ ያሳየዋል። ሊቁ ዙሪያውን ይቃኝና ሁለቱንም እጆቹን ኪሱ ይከታል።]